የአብነት ትምህርት ቤት ትምህርቶችና ፈተናዎች

የአብነት ትምህርት ቤት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥር የሚገኝ፣ ከፊደል ቆጠራ ጀምሮ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚዘልቅ ጥንታዊ የትምህርት ተቋም ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በተለያዩ ጉባኤ ቤቶች ተከፋፍሎ ነው። ፈተናውም በወረቀት ሳይሆን በቃል፣ በመምህሩና በጓደኛ ተማሪዎች ፊት ይካሄዳል። በሕዝብ ዘንድ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ደብተራ «አስማት ያውቃል» የሚል እምነት አለ። ይሁን እንጂ አስማት ከጉባኤ ቤቶቹ አንዱ አይደለም፤ ምስክር የሚሰጥበት ወንበርም የለውም። ይህ ገጽ የአብነት ትምህርቶችን፣ የፈተና ሥርዓታቸውን፣ ከጎናቸውም በስውር ሲተላለፍ የኖረውን የአስማት ዕውቀት ይመለከታል።

ስያሜ

«አብነት» ማለት ምሳሌ፣ አርአያ ማለት ነው። ተማሪው መምህሩን እያየና እየሰማ፣ እንደ እርሱ እያለ የሚማር በመሆኑ ስያሜው ከትምህርቱ ጠባይ ጋር ይስማማል። ተማሪዎች መምህራቸውን «የኔታ» ብለው ይጠራሉ።

«አስማት» የሚለው ቃል በግእዝ «ስም» የሚለው ቃል ብዙ ቁጥር ሲሆን፣ ትርጉሙ «ስሞች» ማለት ብቻ ነው። ቃሉ ዛሬ በአማርኛ የያዘውን ትርጉም ያገኘው የእግዚአብሔርን፣ የመላእክትንና የአጋንንትን ኅቡዕ ስሞች በመጥራት ኃይል ይገኛል ከሚለው እምነት ነው።

«ደብተራ» በግእዝ ድንኳን ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ግን ደብተራ የሚባለው ዜማና አቋቋም ተምሮ በማኅሌት የሚያገለግል፣ የክህነት ማዕርግ የግድ የማያስፈልገው ባለሙያ ነው። የማኅሌቱ መሪ «መሪጌታ» ይባላል፤ በንግግር «መርጌታ» ይሉታል።

የተማሪው ኑሮ

የአብነት ተማሪ በልማድ «የቆሎ ተማሪ» ይባላል። ከወላጆቹ ቤት ርቆ፣ አንዳንዴም ስሙን ብቻ ወደሰማው መምህር በእግሩ ተጉዞ፣ በመምህሩ ደጅ አነስተኛ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየመንደሩ ይለምናል። የለመነውን ቁራሽ አድርቆ ኮቾሮ አድርጎ ያቆየዋል። ልመናው የትምህርቱ አካል ተደርጎ ይታያል፤ ተማሪውን ትሕትና ያስተምረዋል ይባላል።

ተማሪው አንዱን ትምህርት ሲጨርስ ለሚቀጥለው ወደ ሌላ መምህር ይሄዳል። አንድ ደብር ሁሉንም ትምህርት የማይሰጥ በመሆኑ ትምህርቱና ጉዞው አይነጣጠሉም። ተማሪው ከጎጃም ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ጋይንት፣ ከዚያም ወደ ወሎ ሊዞር ይችላል። በኋለኛው ዘመን ጉዞው በአውቶቡስ ሆነ። በመርካቶ፣ አዲስ ከተማ የሚገኘው አውቶቡስ ተራ ለረጅም ጊዜ የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ዋና መናኸሪያ ሆኖ በመቆየቱ፣ ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው የከተማው የመጀመሪያ ገጽ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው መርካቶም የሃይማኖት መጻሕፍት፣ ቅመማ ቅመምና የባህል መድኃኒት ቅጠልና ሥር የሚሸጥበት ገበያ ነው። የጉባኤ ቤት ዕውቀትና በሕዝብ ዘንድ «የደብተራ ጥበብ» የሚባለው ነገር በአንድ ሰፈር ተጎራብተው ይገኙበታል።

ጉባኤ ቤቶችና ትምህርቶቻቸው

ንባብ ቤት

የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ተማሪው ፊደልን «ሀ ሁ» ብሎ ይቆጥራል። ቀጥሎ ፊደሎቹ በተለየ ቅደም ተከተል የሚነበቡበትን አቡጊዳን፣ ከዚያም የዮሐንስን መልእክት ይማራል። ንባቡ ግእዝ፣ ውርድና ቁም በሚባሉ ደረጃዎች ይለማመዳል። የዚህ ቤት መደምደሚያ መዝሙረ ዳዊትን መድገም ሲሆን፣ 150 መዝሙራትን አጥርቶ ያነበበ ልጅ «ዳዊት ደገመ» ይባላል። ዘመናዊ ትምህርት ከመስፋፋቱ በፊት በብዙ የክርስቲያን ቤተሰብ ዘንድ «የተማረ» ለመባል ይህ ይበቃ ነበር።

ቅዳሴ ቤት

ለዲቁናና ለቅስና የሚዘጋጁ ተማሪዎች የሚማሩበት ነው። 14ቱን ቅዳሴያት፣ ሰዓታትንና የአገልግሎቱን ሥርዓት ያጠናሉ። በዜማው ስልት የደብረ ዓባይና የሰላልኩላ የሚባሉ ሁለት ታዋቂ ይትበሃሎች አሉ።

ዜማ ቤት

የዜማ ትምህርት መሠረቱ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደነበረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ ነው። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይከፈላል። ተማሪው አምስቱን ጸዋትወ ዜማ፣ ማለትም ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን እንደየደረጃው ይማራል። ከቃላቱ በላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ድርስና አንብር ናቸው። ምልክቶቹ ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚረዝም፣ የት እንደሚቆረጥ ያስታውሳሉ። ዜማውን ከአፍ ያልሰማ ሰው ግን በምልክቶቹ ብቻ ሊያዜመው አይችልም።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረው ትውፊት ለተማሪዎች ሁሉ ይተረካል። ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ተገርፎ ሲሸሽ፣ በዛፍ ሥር አረፍ ብሎ አንዲት ትል እየወደቀች ደጋግማ ስትወጣና በመጨረሻ ስትደርስ አየ፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ተመለሰ ይባላል። በዚህ ታሪክ መሠረት የአገሪቱ የዜማ አባት መጀመሪያ በትምህርቱ የወደቀ ተማሪ ነበር።

አቋቋም ቤት

ዜማን ከጸናጽል፣ ከመቋሚያና ከከበሮ ጋር አስማምቶ በማኅሌት የማቅረብ ትምህርት ነው። የጎንደሩ ላይ ቤትና ታች ቤት፣ እንዲሁም ተክሌ የሚባለው ስልት ከታወቁት ናቸው። ተክሌ የተባለው ስልት በቀልድና በጥበብ ንግግራቸው ከሚታወሱት ከአለቃ ገብረ ሐና ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ ስሙን ያገኘውም ስልቱን ካስፋፋው ከልጃቸው ከተክሌ እንደሆነ ይታመናል።

ቅኔ ቤት

ቅኔ ቤት የግእዝ ሰዋስውና የግጥም ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው መጀመሪያ ግሥ ያጠናል፤ ከዚያ እርባ ቅምርና አገባብ ይማራል። ቅኔ ከአጭሩ ጉባኤ ቃና፣ 2 መስመር ካለው፣ ተነሥቶ ዘአምላኪየን፣ ሚበዝኁን፣ ዋዜማን፣ ሥላሴን እያለ እስከ 8 መስመሩ መወድስና ከዚያም እስከ ዕጣነ ሞገር ያድጋል። የቅኔው ፍሬ ሰምና ወርቅ ነው፤ ከላይ የሚሰማው ሰም፣ ውስጡ የተሸሸገው ወርቅ ይባላል። ጎጃም ውስጥ ዋሸራና ጎንጅ፣ ወሎ ውስጥ ዋድላ በቅኔ ስማቸው የገነነ ነው።

መጻሕፍት ቤት

የመጨረሻው ደረጃ የትርጓሜ ትምህርት ነው። አራት ክፍሎች አሉት፦
- ብሉይ፦ የብሉይ ኪዳን መጻሕፍት ትርጓሜ፣
- ሐዲስ፦ የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ትርጓሜ፣
- ሊቃውንት፦ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ድርሳናት፣
- መነኮሳት፦ ስለ ምንኩስና ሕይወት የተጻፉ መጻሕፍት።

መምህሩ ከግእዙ ንባብ ተነሥቶ «አንድም» እያለ ብዙ ትርጉም ይዘረዝራል፤ ስለዚህ ትርጓሜው አንድምታ ይባላል። አራቱንም ያወቀ ሊቅ «አራት ዓይና» ተብሎ ይከበራል። አንድ ሰው ከንባብ ቤት ጀምሮ ሁሉንም ለመፈጸም ከ20 ዓመት በላይ ሊፈጅበት እንደሚችል ይነገራል።

ባሕረ ሐሳብ

ባሕረ ሐሳብ አጽዋማትንና በዓላትን የማስላት ትምህርት ነው። የሒሳቡ መንገድ በአንድ ምሳሌ ይታያል። ለ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙን ለማግኘት 5500 ይደመራል፤ 7517 ይሆናል።
- 7517 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፤ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው።
- 7517 ለ19 ሲካፈል ቀሪው 12 ነው። 1 ሲቀነስ 11 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል።
- 11 በ11 ሲባዛ 121 ይሆናል፤ ለ30 ተካፍሎ ቀሪው 1 ነው። ይህ አበቅቴ ነው።
- 11 በ19 ሲባዛ 209 ይሆናል፤ ለ30 ተካፍሎ ቀሪው 29 ነው። ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ።
- መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ነው፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። 29 ሲደመር 4፣ 33 ይሆናል፤ 30 ሲቀነስ 3 ይቀራል። ይህ መባጃ ሐመር ነው።
- ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ 3 ሲደመር 9፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ዋለ።

የዚህ ሒሳብ መልስ በአገር ፊት ይፈተናል። አንድ ሊቅ ቢሳሳት ስሕተቱ በጾሙ መግቢያ ቀን ይታያል፤ ሌላው ሊቅም በዚያው ቁጥር ተነሥቶ ሊያርመው ይችላል።

የፈተና ሥርዓት

በአብነት ትምህርት ቤት የዓመት ማብቂያ የጽሑፍ ፈተናም የነጥብ ሰንጠረዥም በባህሉ የለም። ፈተናው በአራት መልክ ይካሄዳል።

ዕለታዊ ቅጸላ። ተማሪው ትናንት የተቀበለውን ቀለም በመምህሩ ፊት በቃሉ ያሰማል። ያጠራ አዲስ ቀለም ይቀበላል፤ ያላጠራ በዚያው ይቆያል። ይህ ፈተና በየቀኑ ስለሚደገም «ማለፍ» ማለት አንድ መስመር ወደ ፊት መሄድ ነው። የቀደሙ ተማሪዎች ለታናናሾቻቸው ያስቀጽላሉ፤ በዚህም ሌላውን ማስተማር ራሱ የዕውቀታቸው መለኪያ ይሆናል።

የቅኔ ነገራ። ቅኔ ተማሪ በቀን ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ሰዋስው ሲጎድል፣ ቤት ሲሰበር፣ ምስጢር ሲጠፋ እዚያው ያርመዋል። የሌላ ሰው ቅኔ አጥንቶ መምጣት አያዋጣም፤ ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበትና። ስለዚህ ከጉባኤ ቤቶቹ ሁሉ በቃል ጥናት ብቻ የማይታለፈው ይህ ነው።

ማስመስከር። ተማሪው የዘለቀውን ትምህርት በዚያ ሙያ ስሙ በታወቀ ማዕከል ፊት አሰምቶ ምስክርነት ይቀበላል። ለድጓ ደቡብ ጎንደር ጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር በኣታ የታወቁ የምስክር ቦታዎች ናቸው። ሌላ ቦታ ድጓ የተማረ ሰው ቤተልሔም ሄዶ ድጓውን ያሰማል፤ በእጁ የጻፈውንም ያርማል። ምስክር ያገኘ ሰው ወንበር ዘርግቶ ማስተማር ይችላል።

የአደባባይ ፈተና። ሊቁ ከተመረቀም በኋላ ይፈተናል። በዓል በደረሰ ጊዜ ማኅሌት ይቆማል፤ ቅኔ ያቀርባል፤ ዙሪያውን የቆሙት ሊቃውንት ይሰሙታል። ቅኔው ከተበላሸ ይታወቃል፤ ዜማው ካመለጠም ይታወቃል።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ባሕርይ ይደጋገማል፤ የተማረው ነገር በሚሰማ ድምፅ፣ ሊያርም በሚችል ሰው ፊት ይቀርባል። አንድ ሰው «ተምሬአለሁ» ቢል የሚጠየቀው ከማን ጉባኤ እንደዋለ ነው። መልሱ የመምህር ስምና የቦታ ስም ነው።

የአስማት ዕውቀት

ይዘቱ

በሕዝብ ዘንድ «የደብተራ ጥበብ» የሚባለው ልዩ ልዩ ነገሮችን ያጠቃልላል።

ክታብ። በበግ ወይም በፍየል ብራና ላይ በጥቁርና በቀይ ቀለም የሚጻፍ የጸሎት ጥቅል ነው። አንዳንዱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተቆርጦ ይሰፋል፤ በአንገት የሚንጠለጠለው ደግሞ በቆዳ ይለበጣል። የባለቤቱ የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል ይገባል። በክታብ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሕፃናትን ትገድላለች በምትባለው ውርዝልያ ላይ የሚደገመው የሱስንዮስ ጸሎትና መርበብተ ሰሎሞን ናቸው። በጽሑፉ መካከል የመላእክት ሥዕሎች፣ ትልልቅ ዐይኖችና ጠልሰም የሚባሉ የተጠላለፉ ቅርጾች ይሣላሉ።

የስም ጸሎቶች። ኅቡዕ ስሞችን የሚዘረዝሩ ጽሑፎች ናቸው፤ ክርስቶስ ለሐዋርያት ገለጠላቸው የሚሉ ስሞችን የያዘው አርድእት ከእነዚህ ይቆጠራል። ለሙታን የሚዘጋጀው ልፋፈ ጽድቅም በዚህ ወገን ይመደባል። ይህን ጽሑፍ እንግሊዛዊው ዋሊስ በጅ እ.ኤ.አ. በ1929 ከትርጉም ጋር አሳትሞታል።

ዐውደ ነገሥት። የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ተለውጠው፣ ተደምረውና ተካፍለው ኮከቡ ከ12ቱ የትኛው እንደሆነ የሚነገርበት መጽሐፍ ነው። የትዳር አጋር፣ የበሽታ ምክንያት፣ የመንገድ ቀን ሁሉ ይጠየቅበታል።

ዕፀዋት። ቅጠል፣ ሥርና ቅርፊት ከጸሎት ጋር ወይም ያለ ጸሎት ለመድኃኒት ይሰጣሉ።

አተላለፉ

ይህ ዕውቀት በጉባኤ አይሰጥም። የሚገኘው በእጅ ጽሑፍ ሲሆን፣ ባለቤቱ ለሚያምነው ሰው፣ ብዙውን ጊዜም ለብቻው ያስተላልፈዋል። ምስጢር መሆኑ የኃይሉ ምንጭ እንደሆነ ይታመናል፤ በአደባባይ የተነገረ ስም ኃይሉን ያጣል ይባላል። ከዚህ የተነሣ ተማሪው የተቀበለው ጽሑፍ በገልባጭ ስሕተት ተበላሽቶ እንደሆነ የሚያይለት ሦስተኛ ሰው የለም። በብዙ ክታቦች ውስጥ ከማንኛውም ቋንቋ ትርጉም የሌላቸው የሚመስሉ የስም ሰንሰለቶች መገኘታቸው ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

የሁለቱ ዕውቀቶች ልዩነት በሒሳብ ላይ ጎልቶ ይታያል። ባሕረ ሐሳብም ዐውደ ነገሥትም መደመርና ማካፈል ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም በቀሪ ላይ ይቆማሉ። የባሕረ ሐሳብ መልስ ግን በተወሰነ ቀን ለሁሉም ይታያል። የዐውደ ነገሥት መልስ የሚነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ባይደርስ «ስምህን አሳስተህ ነግረኸኛል» ወይም «ቀኑን አልጠበቅህም» ሊባል ይችላል።

የደብተራውና የአስማቱ ዝምድና

አስማት ከደብተራ ጋር ለምን ተያያዘ ለሚለው ጥያቄ በርካታ ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። ክታብ ለመጻፍ ግእዝ ማወቅ፣ ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥና እጅ ጽሑፍ ማሳመር ያስፈልጋል፤ እነዚህን ሁሉ የሚችለው ደግሞ የአብነት ተማሪ ነበር። ደብተራው ክህነት ስለሌለው ከካህኑ ይልቅ ከቤተ ክርስቲያን ቁጥጥር ውጭ ለመሥራት ነፃ ነው። ከአገልግሎቱ የሚያገኘው ገቢም አነስተኛ በመሆኑ በብራና ሥራ መደጎሙ የተለመደ ነበር።

አብሾ

ስለ አብነት ተማሪዎች የሚነገር ሌላ እምነት ትምህርት የሚገለጠው በመድኃኒት ነው የሚል ነው። ፈጣን ተማሪ «አብሾ ጠጥቷል» ይባላል። ለዚህ ይውላሉ ከሚባሉት ዕፀዋት መካከል አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ ይጠቀሳል። ይህ ተክል መርዛማ ነው፤ ቅዠት፣ የልብ ምት መፋጠንና የአእምሮ መረበሽ ያስከትላል፤ ሞትም ሊያመጣ ይችላል። አእምሮን ከማጎልበት ይልቅ ማስታወስን የሚያደናቅፍ ንጥረ ነገር አለው። የአብነት ተማሪን ትዝታ የሚያጠነክረው በየቀኑ የሚደረገው ቅጸላ እንደሆነ የትምህርቱ ሥርዓት ራሱ ያሳያል።

የቤተ ክርስቲያን አቋም

ቤተ ክርስቲያን ጥንቆላንና ሟርትን ታወግዛለች። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ረገድ ጠንካራ ነበሩ። መጽሐፈ ብርሃን በሚባለው ሥራቸው አስማተኞችንና ጠንቋዮችን አጥብቀው ተቃውመዋል። ይሁን እንጂ ክታብ የሚጻፈው በግእዝ፣ በመላእክትና በቅዱሳን ስም በመሆኑ፣ በተራ ምእመን ዐይን ጸሎትና አስማት የሚለዩበት መስመር ግልጽ ሆኖ አይታይም።

ጥናት

የኢትዮጵያ ክታቦች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ እንዲሁም በአውሮፓ ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒትና የአስማት መጽሐፍ ተርጉሞ አሳትሟል። ስቴፋን ስትረልሲን እ.ኤ.አ. በ1955 ስለ አስማት ጸሎቶች ጽፏል። ዣክ መርሲየ ደግሞ የክታቦችን ሥዕል ከሕክምና ዓላማቸው ጋር አያይዞ አጥንቷል። እነዚህ ሥራዎች ምስጢር የነበረውን ጽሑፍ ለንባብ ቢያበቁትም፣ የሚያነቡት ተመራማሪዎች እንጂ ክታቡን በአንገታቸው ያሰሩት ሰዎች አይደሉም።

ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ሲነጻጸር

በልብ ወለድ

በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው የአስማት ትምህርት ቤት የጄ. ኬ. ሮውሊንግ ሥራ በሆነው በሃሪ ፖተር መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው ሆግዋርትስ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሟል። በታሪኩ ትምህርቱ 7 ዓመት ይፈጃል። መሠረታዊ ትምህርቶቹ መልክ መለወጥ፣ ድግምት፣ መድኃኒት ቅመማ፣ የአስማት ታሪክ፣ ከክፉ አስማት መከላከል፣ ሥነ ፈለክና ሥነ ዕፅዋት ናቸው። ከ3ኛ ዓመት ጀምሮ እንደ ሟርትና የቁጥር ጥንቆላ ያሉ ምርጫዎች ይጨመራሉ። በ5ኛ ዓመት መጨረሻ አንድ፣ በ7ኛው መጨረሻ ሌላ ታላቅ ፈተና አለ። ፈተናዎቹ በጽሑፍና በተግባር ይሰጣሉ፤ ውጤቱም 6 ደረጃ አለው፤ 3ቱ ማለፊያ፣ 3ቱ መውደቂያ ናቸው።

በዚህ ልብ ወለድና በእኛ አገር እውነታ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የትምህርቱ ይዘት አይደለም። ዕፀዋት፣ ከዋክብት፣ የቁጥር ሟርትና ኅቡዕ ስሞች በሁለቱም አሉ። ልዩነቱ በልብ ወለዱ አስማት ፈታኝ ያለው መሆኑ ነው። ተማሪው በፈታኞች ፊት ይቆማል፤ ያልሠራ ድግምት ወዲያው ይታያል። በኢትዮጵያ ግን ፈታኝ ያላቸው ዜማ፣ ቅኔና ትርጓሜ ናቸው፤ አስማት ያለ ፈታኝ ቀርቷል።

በእስልምና ትምህርት

መርካቶ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የታላቁ አንዋር መስጊድ ሰፈር ነው። በእስልምናም ተመሳሳይ የቃል ትምህርት ሥርዓት አለ። ልጁ በእንጨት ሉህ ላይ እየጻፈ ቁርኣን ይቀራል፤ ያጠናውን በመምህሩ ፊት ያሰማል። ከፍ ባለው ትምህርት መምህሩ ለተማሪው ኢጃዛ፣ ማለትም የማስተማር ፈቃድ ይሰጣል። ኢጃዛው ዕውቀቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ይመሰክራል። በዚህ ረገድ ኢጃዛና የአብነቱ ምስክር አንድ ዓላማ አላቸው።

በአሁኑ ዘመን

የአብነት ትምህርት ቤቶች ዛሬም በአማራ ክልል፣ በትግራይና በሌሎች አካባቢዎች ያስተምራሉ። አብዛኛው ልጅ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስለሚገባ፣ ተማሪ ሁለቱን ጎን ለጎን ሊከታተል ይችላል። በአዲስ አበባ እንደ ቅድስት ሥላሴ ባሉ መንፈሳዊ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ደግሞ የአብነቱ ዕውቀት ከጽሑፍ ፈተናና ከዲግሪ ጋር ተገናኝቷል።

በአንጻሩ «መርጌታ» የሚለው የማኅሌት ማዕርግ በከተማ ማስታወቂያዎችና በማኅበራዊ መገናኛዎች የባህል ሐኪም መጠሪያ እየሆነ መጥቷል። ትዳር ለማስታረቅ፣ ሀብት ለማምጣት፣ የጠፋ ለማስመለስ፣ ሕመም ለማዳን ቃል የሚገቡ ማስታወቂያዎች ማዕርጉን እንደ ምስክር ወረቀት ያቀርቡታል። ማዕርጉ ግን በሥርዓቱ የሚመሰክረው ሰውየው ማኅሌት መምራት መቻሉን እንጂ በሽተኛ መፈወስ መቻሉን አይደለም። ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት አቋርጦ ክታብ ያሰረ ሕመምተኛ ጊዜውንና ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል።

በአብነቱ ሥርዓት የዕውቀት ባለቤት ነኝ የሚል ሰው የሚጠየቀው ጥያቄ አልተለወጠም። ከማን ተማርህ? የት አስመሰከርህ? ማን ሰማህ? የድጓ መምህር ለነዚህ መልስ አለው፤ የቅኔ መምህርም አለው። አስማት እሸጣለሁ የሚል ሰው ግን ሦስተኛውን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም፤ ዕውቀቱ ማንም እንዳይሰማው ተደርጎ የተላለፈ ነውና።